ማር፣ ጌሾና ቀን፦ የጠጅ ታሪክ ከቤተ መንግሥት እስከ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚጣል መጠጥ ነው። እህል ስለማይገባበት ከጠላና ከቢራ ይለያል፤ የማሩ ጣፋጭነት በጌሾ ምሬት ስለሚገራ ደግሞ በሌላው ዓለም ከሚታወቁት የማር መጠጦች ይለያል። የጠጅን ጣዕም ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ የማሩ ዓይነትና መጠን፣ የጌሾው ልክ፣ እንዲሁም ጠጁ በጋን ውስጥ የሚቆይበት ቀን። በእነዚህ በሦስቱ ላይ የሚያዝዘው ሰው በየዘመኑ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ንጉሡና መኳንንቱ፣ ቀጥሎ የጠጅ ቤት ባለቤቷ፣ በኋላም የስኳርና የቢራ ገበያው የየራሳቸውን ምልክት በብርሌው ውስጥ ትተዋል። ሳሪስን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ላፍቶንና ጀሞን የያዘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የከተማው ዳርቻ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ይህን ለውጥ አብሮ አሳልፏል።

አጣጣሉ

ጠጅ የሚጣልበት ጋን አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ የጋኑን ሽታ ያጠፋል፤ ለጠጁም የራሱን መዓዛ ይሰጠዋል። ማሩ ብዙ ጊዜ ከነሰፈፉ ይገባና ከውኃ ጋር ይበረዛል። ልኩ እንደ ጣዩ ፍላጎትና አቅም ይለያያል፤ ለአንድ እጅ ማር ከሁለት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይጨመራል። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ሰፈፉና እድፉ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ተገፎ ይወጣል። ጌሾው ከብርዙ ተቀንሶ በወጣ ጥቂት ፈሳሽ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ለጠላ በአብዛኛው የጌሾ ቅጠል ሲያገለግል ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። ምክንያቱም እንጨቱ መጠጡን አያደፈርሰውም፤ ምሬቱም ለስለስ ያለ ነው።

ወደ ጠጅ የሚጨመር እርሾ የለም። ብርዙን የሚያፈሉት በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። እርሾዎቹ የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ሲለውጡ ባክቴሪያዎች ደግሞ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ። የጠጅ ለስላሳ ኮምጣጣነት የሚመጣው ከዚሁ አሲድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ መፍላቱም ዝግ ይላል። ስለዚህ በቆላ በሳምንት ውስጥ የሚደርስ ጠጅ በከተማዋ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሲደርስ በጨርቅ ይጠለላል። በደንብ የተጣለ ጠጅ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ከተለመደው የፋብሪካ ቢራ እጥፍ ገደማ ነው።

የነገሥታት መጠጥ

በቀይ ባሕር አካባቢ የማር መጠጥ የጥንት ነው። የግሪኩ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ከ2,000 ዓመት በፊት ስለ ባሕሩ ጠረፍ ነዋሪዎች ሲጽፍ፣ ሕዝቡ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተዘፈዘፈ መጠጥ እንደሚጠጣ፣ ገዢዎቹ ግን ማርና ውኃ የተቀላቀለበትን መጠጥ እንደሚጠጡ ይገልጻል። ማር የገዢ፣ ሌላው የሕዝብ የሚለው ክፍፍል ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በማስታወሻው ከቤተ መንግሥት በእንስራ ይላክላቸው ስለነበረ የማር ጠጅ ደጋግሞ ይጽፋል።

ክፍፍሉን ለዘመናት ያቆየው ግብር ነው። ማር ከእህል፣ ከከብትና ከጨው ጋር ከገበሬው የሚሰበሰብ ግብር ነበር፤ የሚለካውም በጉንዶ ነበር። ማር የሚበዛባቸው አገሮች ማራቸውን ወደ ባላባቱና ወደ ንጉሡ ግቢ ያገቡ ስለነበር ብዙ ማር የሚከማችበት ቤት ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጠጅ መጣል በተግባር የሹማምንት መብት ሆኖ ቆየ። ተራው ሰው በበዓልና በሠርግ ካልሆነ በቀር የሚጠጣው ጠላ ነበር። በገዳማትና በአድባራትም ማሩ ለጠጅ ሲውል ሰሙ ለጧፍ ይውል ነበር።

በቤተ መንግሥት ጠጅ ቤት ከእንጀራ ቤትና ከወጥ ቤት ጋር የሚቆጠር ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ነበር። የራሱ አለቃ፣ ጠጅ ጣዮችና አሳላፊዎች ነበሩት። መጠጡን መቅመስም ሥርዓት ነበረው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይጠጣ ነበር፤ በዚህም መጠጡ መርዝ እንደሌለበት በዓይን ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህን ልማድ በመጽሐፉ ገልጾታል። ጌታው ሲጠጣም ከቡዳ ዓይን ለመከላከል በሸማ ይጋረድ ነበር። ጠጁ በዋንጫ ይቀርብ የነበረ ሲሆን፣ አንገተ ረጅሟ የብርጭቆ ብርሌ ከውጭ አገር እየገባች ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘች። የብርሌ ጠባብ አንገት ዝንብ እንዳይገባ ይከላከላል፤ የጠጁንም መዓዛ ያምቃል።

የአዲስ አበባ ግብር እና ሰፈር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የማር ጉዞ አቅጣጫውን ለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲያሰፉ ጅማ፣ ከፋ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ ወደ አንድ ማዕከል ግብር የሚያገቡ አገሮች ሆኑ። እነዚህ በደን የተሸፈኑ አገሮች እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ዋና የማር ምንጮች ናቸው። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በሚደረገው የግብር ግብዣ ላይ ሺዎች በየተራ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ ከዚያ በየማዕረጋቸው ሌሎቹ፣ በመጨረሻም ወታደሩ ይገባል። የጠጁም ደረጃ ከማዕረጉ ጋር ይወርድ ነበር፤ ማር የበዛበትና ብዙ ቀን የቆየው ለላይኞቹ ይቀርባል፣ ውኃ የበዛበት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል።

ከተማዋ የተሠራችው በሰፈር ነው። እያንዳንዱ መኮንን በተሰጠው ቦታ ከወታደሮቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ሰፍሮ በግቢው የራሱን ግብር ያበላ ነበር። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ የጠጅ አጣጣል በየመኮንኑ ጓሮ ተባዛ። ሙያውን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የመኮንኑ ቤት ሲፈርስ ወይም አገልግሎታቸው ሲያበቃ ሙያቸውን ይዘው ወጡ።

ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ግን ገና የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በዚያ የሚኖሩት የቱለማ ኦሮሞዎች የራሳቸው የማር መጠጥ ዳዲ፣ የእህል መጠጣቸው ደግሞ ፈርሶ ነበራቸው። በአካባቢው ከሚበቅሉት ግራሮችና ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ሜዳውን ከሚሸፍነው አደይ አበባ ንቦች ማር ይሠሩ ነበር። ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሆኑ።

ጠጅ ቤት

ምግብና መጠጥ በገንዘብ መሸጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለብዙ ሰው ነውር ነበር። እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ አይከፍልም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል መክፈታቸው ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን ጠጅ በብርሌ የሚሸጥባቸው ቤቶች በከተማዋ ተበራከቱ። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና መንገደኛ በዛ። እነዚህ የማንም መኮንን ሎሌ ያልሆኑ፣ ነገር ግን በእጃቸው ገንዘብ የያዙ ጠጪዎች ነበሩ።

ጠጅ ቤት ብዙውን ጊዜ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። በግድግዳው ዙሪያ ረጅም አግዳሚዎች፣ ዝቅተኛ ጠረጴዛዎችና አንዳንድ ቀን ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ አይጠፉበትም። ጠጁን የምትጥለው ባለቤቷ ናት። ማሩን የምትመርጥ፣ ጌሾውን የምትለካ፣ ቀኑን የምትወስን እሷ ናት፤ የቤቷ ስም የሚቆመውም የሚወድቀውም በእጇ ሙያ ነው። ከብዙ ጠጅ የሚወጣው ሰፈፍ ተጣርቶ ሰም ይሆናል፤ ከጠጅ ቤቶች የሚሰበሰበው ሰምም ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ለውጭ ገበያ ካቀረበቻቸው ሸቀጦች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በአንጻሩ ከማሩ ወደ ውጭ የሚላከው ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ብትሆንም አብዛኛው ማሯ በአገር ውስጥ ጠጅ ይሆናል።

የደብረ ዘይት መንገድና የባቡር ሐዲዱ በሚያልፉበት ደቡባዊ የከተማዋ ክፍል ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሲበዙ ጠጅ ቤቶችም ተከተሏቸው። ጎተራ፣ ሳሪስና ቃሊቲ የሠራተኛ ሰፈሮች ሆኑ። በቄራ ከተማውን ሥጋ የሚመግበው የእርድ ድርጅት ሲቋቋም በዙሪያው ሥጋ ቤቶች ተሰለፉ፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ጠጅን ይጠራል። የጠጅ ኮምጣጣነትና የጌሾው ምሬት የሥጋውን ቅባት ከአፍ ስለሚያጥቡ ሁለቱ በበዓል ገበታ ላይ እንደተጣመሩ ኖረዋል። አልኮል ለማይጠጣው፣ በተለይም ለሙስሊሙ እንግዳ፣ ያልፈላው ብርዝ ይቀርባል።

ቢራና ስኳር

በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ሲቋቋም ለጠጅ በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው የፋብሪካ ተወዳዳሪ መጣ። ቢራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጣዕም አለው፤ ቀዝቅዞና በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፣ ባለሙያ ሴት አያስፈልገውም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባርና ቡና ቤት ሲስፋፋ ቢራ የዘመናዊነት መለያ፣ ጠጅ ደግሞ የባህልና የሠርግ መጠጥ እየሆኑ ተለያዩ። በሰበታ የሜታ አቦ፣ ኋላም በጎንደር የዳሸን ፋብሪካዎች ተጨመሩ። የካስቴል ኩባንያ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ሄኒከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ገዙ። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ በስተደቡብ በቂሊንጦ የተሠራው የሄኒከን ፋብሪካም ዋልያ ቢራን ለከተማው ያቀርባል። በመካኒሳ በኩል ደግሞ የአዋሽ ወይን ጠጅና የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካዎች ይገኛሉ፤ ስለዚህ ክፍለ ከተማው በጓሮ የሚጣለውንም በፋብሪካ የሚመረተውንም መጠጥ ያውቃል።

ጠጅን ከውስጥ የለወጠው ግን ስኳር ነው። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ ቀጥሎ የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች መጡ። ስኳር ከማር ይልቅ የሚረክስ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝና ጥራቱ የማይለዋወጥ ሆነ። ማር ግን ወቅት ይጠብቃል፤ ዋናው ቆረጣ ከክረምቱ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው፣ በሌላው ጊዜ ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ ማሩን በከፊል በስኳር መተካት፣ ቀለሙንም በሌላ ነገር ማስተካከል ተለመደ። የገበያው ጥድፊያ ቀኑንም አሳጠረ፤ ሳይበስል የሚቀዳ ጠጅ ጣፋጭ ሆኖ አልኮሉ ያንሳል፣ ራስም ያሳምማል ይባላል። የጠጅ ተለዋዋጭነትም በላቦራቶሪ ታይቷል። ተመራማሪዎቹ እነ በቀለ ባህሩና ሞገሴ አሸናፊ ከአዲስ አበባ የሰበሰቧቸውን 200 የጠጅ ናሙናዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የእርሾውና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያው ዓይነት ከቤት ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚለያይ አሳይተዋል።

ጠጅን መቅመስ

ጠጅ አዋቂ መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ጥሩ ጠጅ ቢጫ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባይጠራም ዝቃጭ የለበትም። ድፍርስነቱ በውስጡ ካለው እርሾ ይመጣል። ቀጥሎ ብርሌው ወደ አፍ ሲቀርብ የማሩ አበባ፣ የወይራው ጭስና የጌሾው እንጨት ይሸታሉ። ሲጠጣ ሦስቱ ጣዕሞች በቅደም ተከተል ይመጣሉ፦ መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ ኮምጣጣው፣ መጨረሻ ላይ ከጉሮሮ ሲደርስ ምሬቱ። አንዱ ሌላውን ከሸፈነው ጉድለት አለ። ጣፋጩ ብቻ የሚቀር ከሆነ ቀኑ አልሞላም ወይም ስኳር ገብቶበታል፤ ኮምጣጣው ካየለ ቆይቶ ወደ ሆምጣጤ እየሄደ ነው፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ከቀረ ጌሾው በዝቷል። በደንብ የፈላና ጣፋጭነቱ ያለቀ ጠጅ ደረቅ ይባላል፤ በተለይ ልምድ ያላቸው ጠጪዎች ይመርጡታል።

የማሩም ዓይነት ይለያል። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር፣ የምዕራቡ ደን የገተም ማር፣ የብሳና ጠቆር ያለ ማር፣ የደጋው የአደይ አበባ ቢጫ ማር ሁሉም የየራሳቸው መዓዛ አላቸው። ነጭ ማር ዋጋው ስለሚወደድ ብዙውን ጊዜ ለምግብ ይቀራል፤ ጠጅ ጣዮች ቀይና ቢጫ ማር ይወስዳሉ። የጌሾን ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገርም በኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ተለይቷል። ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 ጌሾይዲን የተባለውን መራራ ውሑድ ገልጸዋል። ይህ ውሑድ በቢራ ውስጥ ምሬት ከሚሰጡት፣ ሆፕ ከተባለው ተክል ከሚገኙት ውሑዶች የተለየ ቤተሰብ ነው። ጠጅና ቢራ ሁለቱም መራራ ሆነው ምሬታቸው የማይመሳሰለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቤልጂግ የማር ቢራ

ማር ከሚገባባቸው የአውሮፓ መጠጦች አንዱ የቤልጂግ የማር ቢራ ነው። ቤልጂጎች በጠንካራ ቢራቸው ላይ ስኳር መጨመር የቆየ ልማዳቸው ነው። ስኳሩ አልኮሉን ከፍ አድርጎ ቢራውን በአፍ ውስጥ ቀለል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1876 በኬናስት የተቋቋመው የለፌቭር ፋብሪካ በባርባር ቢራው ውስጥ ስኳሩን በማር ይተካል፤ የቢራው አልኮል 8 በመቶ ነው። ከማር የሚገባው ስኳር ከሞላ ጎደል ሁሉ ስለሚፈላ በቢራው ውስጥ የሚቀረው ጣፋጭነት ከሚገመተው ያነሰ ነው። የሚቀረው የአበባ መዓዛ ነው፤ መዓዛው በፈላ ውኃ ስለሚጠፋ ብዙ ጠማቂዎች ማሩን መጨረሻ ላይ ይጨምሩታል። በዚህ ላይ የቤልጂግ እርሾ የሚያመነጨው የፍራፍሬና የቅርንፉድ ሽታ ይታከላል። ከጠጅ የሚለየው በዋነኛነት በብቅሉ ነው፤ ገብሱ የሰጠውን ዳቦ ዳቦ የሚል ጣዕምና አረፋ ጠጅ የለውም።

በአፈላሉ ግን ጠጅ ከማር ቢራ ይልቅ ለሌላው የቤልጂግ መጠጥ ለላምቢክ ይቀርባል። ከብራስልስ በስተደቡብ ምዕራብ በፓዮተንላንድ የሚጠመቀው ላምቢክ እንደ ጠጅ እርሾ አይጨመርበትም። የተቀቀለው የብቅል ፈሳሽ በሰፊ ክፍት ገንዳ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ይቀዘቅዝና በአየሩ ውስጥ ያሉ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይይዙታል። ከዚያም በእንጨት በርሚል ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የላምቢክ ጠማቂ በዓመታት የሚያገኘውን ኮምጣጣነት ጠጅ ጣይዋ በሳምንታት ታገኘዋለች፤ ልዩነቱ ጠጅ ሲኮመጥጥ የማር ጣፋጭነት አብሮት መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቤልጂግ የቢራ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ተመዝግቧል።

ጠርሙስ የገባው ጠጅ

ጠጅ በውጭ አገርም ወደ ፋብሪካ ገብቷል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሠርግና ለምግብ ቤት የሚሆን ጠጅ ሲፈልጉ የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች ማምረት ጀመሩ። በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘውና በአገሩ ካሉት አንጋፋ ወይን ጠማቂዎች አንዱ የሆነው ብራዘርሁድ ሳባ በሚል ስም ጠጅ አቅርቧል። በጠርሙስ የሚሸጥ ጠጅ ተጣርቶና መፍላቱ ቆሞ ስለሚታሸግ በየወሩ ያው ነው፤ ከጋን እንደሚቀዳው ጠጅ ከቀን ወደ ቀን አይለወጥም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጠጅ ቤቶች ዛሬም ጠጁ ከጋን ወይም ከፕላስቲክ በርሚል ይቀዳል። ማሩ ግን በገበያ ዋጋ ይገዛል፤ ጠጪውም በየሰፈሩ ካሉት ግሮሰሪዎችና ድራፍት ቤቶች ጋር ያወዳድራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ደንግጓል። ክልከላው ጠጅ ቤቶችን ብዙም አልነካቸውም፤ የጠጅ ቤት ስም ከአፍ ወደ አፍ እንጂ በማስታወቂያ አይሰማም። ጠጅ ቤቶቹ ለሁሉም አንድ የሆነ የአጣጣል ልክ የላቸውም፤ የማሩን ድርሻ፣ የጌሾውን ልክና ቀኑን የምትወስነው አሁንም የየቤቱ ባለቤት ናት። አንዱ ቤት ከሌላው የሚለይበት፣ ደንበኛም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት ምክንያት ይህ ነው።